ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር፣ ተቀማጭ አማት

ሰው ቤት እያለው ጎማ ያለው ቤት ለምን ይገዛል ብላችሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ራሄል ጠይቃኛለች፤ እሱ ይበቃኛል። እሷ ደግሞ አንድን ጥያቄ አንዴ ጠይቃ የምትተው ሴት አይደለችም። ልብስ እያጠፈች ትጠይቀኛለች፣ ድራይቭ እያደረገች ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም በጸሎት መሃል ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ፣ ጥያቄው እሱ እንደሆነ ገብቶኝ የእኔን ቶሎ ጨፈንኩ።

የገዛሁት እዚህ አገር አርቪ የሚሉትን ነው። ከፊት መሪ፣ ከኋላ ኩሽና፣ አልጋና ሽንት ቤት ሳይቀር የተገጠመለት፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና። እኔ ደግሞ እንጀራዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ከርሜ ዕረፍቴን በሌላ አውቶቡስ ላሳልፍ መነሳቴ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ጦጣዋ ግን ቢያንስ የምትሸመጥጠው የሚበላ ነገር ነው።

ምክንያቴ አማቴ ናቸው። አባባ ደምሴ፣ የራሄል አባት፣ ለሦስት ወር ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ሚኒሶታ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤታችን ስድስት ሳምንት ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ስል በአነጋገር አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋት ተነስተው፣ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። ምሳ ሲደርስ ይነሳሉ፤ በልተው ይመለሳሉ። ያ ሰመር ደግሞ ሀገር ቤት ለውጥ መጣ ተብሎ አበሻ ሁሉ ስልኩ ላይ ተተክሎ የሚውልበት ሰመር ነበር፤ እሳቸው ዜናውን እንኳ ጨርሰው አያዩም።

እኚህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጀነሬተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መብራት በሄደ ቁጥር ፋብሪካው በሙሉ ሥራ ፈትቶ የሳቸውን እጅ ነበር የሚያየው። አሁን እኛ ቤት ያ እጅ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲዘረጋ ሁለት ሰው ብድግ ይላል። «ኧረ አባባ! ይቀመጡ!» ቆሻሻ ሊያወጡ ሲነሱ፣ «በሞቴ ይቀመጡ!» ሣር ላጭድ ሲሉ፣ «እኔ እያለሁ? ነውር አይደለም እንዴ?» ሣር ማጨድ እንደ ግብር የምጠላ ሰው፣ ለአማቴ ክብር ስል በሳምንት ሁለቴ ማጨድ ጀመርኩ። ሣሩ ራሱ ግራ ገባው።

አክብሮት መሆኑ ነው። እንግዳ ነዋ! አባት ነዋ! ከባሕር ማዶ የመጣን አባት ሥራ ያዘዘ አማች ተብሎ ስሜ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲጠራ አልፈልግም።

አንድ እሑድ ታዲያ ራሄል አባቷ በስልክ ሲያወሩ ሰማች። ሌክ ስትሪት ላይ የአውሮፕላን ትኬት ለምትቆርጥ ልጅ ደውለው፣ መመለሻቸውን እንድታስቀድምላቸው እየለመኑ ነበር። «ምንም አልጎደለብኝም፣ ልጆቼ ይንከባከቡኛል፣ ግን ብሄድ ይሻላል» እያሉ። ራሄል ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

«ስምንት ዓመት ለምኜ ያመጣሁት አባቴ ሦስት ወር እንኳ ሊቆይልኝ አልቻለም። ምን አጎደልንበት?» አለችኝ።

ሰው ሲጨንቀው ይጸልያል፣ ሽማግሌ ያማክራል። እኔ ሄጄ አርቪ ገዛሁ። ጭር ካለ ቤት አውጥቼ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትልቁ ሐይቅ፣ ሳምንት ባዞራቸው ልባቸው ይከፈታል ብዬ ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሙቀት አገር ሊሄድ የተዘጋጀ ነበር። «ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ጀነሬተሩ ብቻ አንዳንዴ ሙዱ ይለዋወጣል» አለኝ። የማን ሙድ የማይለዋወጥ አለ ብዬ ተቀበልኩት።

ጀነሬተሩ ከመኪናው ጎን፣ ትንሽ በር ባላት ሳጥን ውስጥ ተወትፎ የተገጠመ ነው። ከውስጥ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ይነሳል ይባላል። ስጫን «እህ፣ እህ፣ እህ» ብሎ ዝም አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ዕቃው መሠራት ካቆመ ቆይቷል አሉኝ። የምንሄድበት ቦታ ደግሞ መብራት የለውም። ራሄል ይህንን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አባቴን ጨለማ ውስጥ ልታሳድረው ነው? ዕድሜ ልኩን ለሰው መብራት ሲያበራ የኖረን ሰው?»

እዚህ ላይ ገመቹ ይገባል። ገመቹ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር የሚኖር የትራክ መካኒክና የልብ ጓደኛዬ ነው። ከሚስቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ብሎን ሲሰድብ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩን ቼክ አድርጎ ፍርዱን ሰጠ፦ የተገጠመው ይውጣ፣ በምትኩ በእጅ የሚያዝ፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ ጀነሬተር ይገዛ። «አራት ብሎን ነው። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለ። መካኒክ ሁለት ሰዓት ሲላችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ሥራ ጀመርን። ብሎኖቹ ከዝገት ብዛት ከመኪናው ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ገመቹ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ሮን አጥሩን አልፎ መጣ። ሮን ሰባ ዓመት የሆነው፣ ሚኒሶታ ተወልዶ ሚኒሶታ ያረጀ ደግ ሰው ነው። እጁን ኪሱ ከቶ አርቪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከአርቪው ሥር የወጡትን የገመቹን እግሮች አየ።

«ዌል፣ ዛትስ ዲፈረንት» አለ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በሚኒሶታ ቋንቋ «ዲፈረንት» ማለት «አብዳችኋል እንዴ?» ማለት ነው። ይሉኝታ የተፈጠረው ለእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ መጥቼ ነው በረዶ ውስጥም እንደሚበቅል ያየሁት።

ሳሎን መስኮቱ ላይ አባባ ቆመዋል። ቆመዋል! ግንባራቸው መስታወቱን ነክቷል። እኔ ግን ቅር እንዳይላቸው ብዬ እጄን አወዛወዝኩላቸው። እሳቸውም አወዛወዙልኝ። ሁለታችንም በጣም ጨዋ ሰዎች ነን።

ሦስቱ ብሎኖች እስከ እኩለ ቀን ወጡ። ገመቹ ክሪክ ከሥሩ አስገባ፤ እኔ የመጨረሻውን ስፈታ ጀነሬተሩ ቀስ ብሎ ክሪኩ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ዝቅ እናደርገዋለን። ዕቅዱ ያ ነበር። ብሎኑ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ብረት ወደ ገመቹ በኩል ዘመመ። እኔ በሁለት እጄ ይዤ «ገመቹ!» ብቻ እላለሁ። ገመቹ በኦሮምኛ አምላኩን ይጠራል፣ «ያ ዋቃ!» ብቻ ይላል። ሮን አፉን ከፍቶ ቀረ።

የቤቱ በር ተበርግዶ ተከፈተ።

«አትንኩት! ያዘው እንጂ አትግፋው! ጣውላ! ከዚህ በኩል ጣውላ!»

አባባ በኮትና በነጠላ ጫማ መጡ። ከጋራዡ አጠገብ የወደቀች ጣውላ አንስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዘመመበት በኩል በአንድ ምት ከተቷት። ብረቱ ቆመ። «ክብደቱ ወደ ሞተሩ ወገን ነው ያለው፣ ክሪኩን መሃል ላይ አድርጋችሁ ምን ልትሠሩ ነው? አሁን አውርደው። ቀስ። ቀስ ነው የምልህ!» አሉ። ወረደ። የገመቹ እግር በቦታው ነበር።

እግራቸው ላይ ወድቄ መሳም ነበረብኝ። ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ሮጬ ጋራዥ ገባሁና የሚታጠፍ ወንበር አመጣሁላቸው።

«ይቀመጡ አባባ፣ እንዳይደክሙ።»

ወንበሩን አዩት፤ ተቀመጡ።

አዲሱን ጀነሬተር ከካርቶኑ አወጣን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ፖርተብል» ይላል። ፖርተብል ማለት ሁለት ሰው ተሸክሞት ሦስተኛው ወገቡን የሚይዝበት ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አሮጌው የወጣበት ሳጥን ባዶውን ከሚቀር አዲሱን እዚያው ብንወትፈው ምን ይመስላችኋል? እንዴት ያምራል!

«ጢሱስ በየት ይወጣል?» አሉ አባባ ከወንበራቸው፣ ቀስ ብለው።

«አባባ፣ ይሄ አሜሪካ ነው። የዚህ አገር ጀነሬተር እንደኛ አገር አይጨስም።»

ገመቹ ቀና አለ። «አብደሃል? ተኝታችሁ እንዳትቀሩ! ይሄ ጢስ ሽታ እንኳ የለውም፣ ሳታውቀው ነው የሚገድልህ። ውጭ ነው የሚቀመጠው፣ መሬት ላይ፣ ከመኪናው ራቅ ተደርጎ።»

አባባ አንገታቸውን አስግገው ጀነሬተሩን ተመለከቱ። ቆይተው «ቮልቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«መቶ ሃያ ገደማ።»

«ግማሽ? ይህን ያህል ሀብታም አገር በግማሽ መብራት ነው የሚኖረው?»

«አባባ፣ ይሄ አሜሪካ ነው።»

«እሱስ አዎ» አሉ።

ቀጥሎ የአርቪው ወፍራም ገመድ ሶኬት ከጀነሬተሩ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ። እኔ ጫፉን በፒንሳ ቆርጬ ሽቦውን ቀጥታ ላገናኝ ተነሳሁ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሃል የሚገባ ማገናኛ አይሸጡም?» አሉ። ይሸጣሉ። ገመቹ መኪናው ውስጥ ነበረው። እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ እኚህ ሰው አንዴ ቆመው፣ ሁለቴ ከወንበር ሳይነሱ ከጉድ አውጥተውናል። እኔ ግን ይህንን የምቆጥረው ዛሬ ነው፤ ያን ዕለት የማስበው ፀሐይ እንዳትመታቸው ብቻ ነበር።

«እኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ምን ልሥራ?»

ይቀመጡ ልል አፌን ስከፍት ገመቹ በክርኑ ጎኔን ወጋኝ። እኔም የማስበው ገመዱን ነው፣ እጄ ላይ ካቻቢቴ ይዣለሁ፣ ዞር ሳልል፣ «እንግዲያው ጋዝ ያምጡልን አባባ። ቀዩ ጀሪካን ጋራዥ ውስጥ አለ። ማደያው ከማዞሪያው ቀጥሎ ነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው» አልኳቸው።

«ጋዝ? ለዚህ?»

«አዎ፣ ጋዝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አባባ፣ ይሄ አሜሪካ ነው! እዚህ መኪናውም፣ የሣር ማጨጃውም፣ ሁሉም በጋዝ ነው የሚሠራው።»

ከወንበራቸው ተነሱ። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉና ጀሪካኑን ይዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ።

አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ራሄል ወጥታ ባዶውን ወንበር ስታይ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም። «ቋንቋውን በማያውቅበት አገር አባቴን ብቻውን ላክኸው?» የሚለው ከሁሉም ለስላሳው ነው። ቁልፍ አንስቼ ልፈልጋቸው ስል በመንገዱ ጫፍ ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ባዶውን ቀይ ጀሪካን፣ በሌላው አዲስ ሰማያዊ ጀሪካን ሙሉውን ይዘዋል። ላባቸው በኮሌታቸው ይወርዳል። ይስቃሉ! በስድስት ሳምንት ውስጥ ጥርሳቸውን ሳይ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

«የመጀመሪያው ማደያ የለንም አለኝ» ብለው ጀመሩ፣ ገና ሳይደርሱ። «ሁለተኛው ጋ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ አስረዳሁት! ልጁ ደግሞ ሥርዓት ያለው ነው፤ በቀዩ አይቀዳም፣ ለዚህ የሚሆነው ሰማያዊ ነው ብሎ ከመደርደሪያ አወረደልኝ። ደረሰኝም ሰጥቶኛል!»

ለራሄል ደግመው ነገሯት፣ ለሮንም በእንግሊዝኛ። ራሄል ቁጣዋ ጠፍቶ አባቷን ብቻ ታያለች። እስቲ አሁን እኔን ፍረዱኝ፤ ነዳጅ ማደያ «ጋዝ የለንም» ሲል የማይጠረጥር ሾፌር ዓለም ላይ አለ? አለ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ይኖራል።

አባባ ራሳቸው ሞሉት፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ። ከዚያ የማስነሻውን ገመድ መጎተት መጣ። እኔ ጎተትኩ፤ ምንም። ገመቹ ጎተተ፤ ምንም። ሮን «ልሞክር?» ብሎ ጎተተ፤ ትከሻውን ይዞ ቁጭ አለ። ተራው እንደገና ወደ እኔ ዞረ። ሀገር ቤት የተበላሸ መኪና አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ሳይነክር እንደማያልፍ ታውቃላችሁ፤ ሚኒሶታም እንዲሁ ነው። ውሻ ይዞ ያልፍ የነበረ አንድ የማናውቀው ሰው ሳይቀር ገመዱን ሁለት ጊዜ ጎትቶ፣ መልካም ቅዳሜ ብሎን ሄደ። በመጨረሻ ሮን ከቤቱ ሞተር ማስነሻ የሚነፋ ቆርቆሮ አምጥቶ ፉሽ አደረገበትና ገመቹ ጎተተ።

ተነሳ! ሦስት ሰከንድ ያህል ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ግቢውን ሙሉ በነጭ ጢስ ሸፍኖ ጸጥ አለ። አንዱ ሌላውን ማየት አቃተን። ከጢሱ ውስጥ የራሄል ድምፅ ብቻ መጣ።

«ምንድነው ይሄ ኩራዝ ኩራዝ የሚሸተው?»

ገመቹ ሰማያዊውን ጀሪካን አንስቶ አሸተተ። ጽሑፉን አነበበ። «ኬሮሲን!» አለና ሣሩ ላይ ተዘርግቶ መሳቅ ጀመረ። ሳቅ ይጋባል። እኔም ሳቅኩ። ከመሳቅም አልፌ፣ አፌ ይቆረጥና፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ኩራዝ አይደለም!» አልኩ።

አባባ ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ። መሐረባቸውን አውጥተው ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ፣ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ገቡ። መስኮቱ ጋ አልቆሙም። ወንበራቸውም ላይ አልተቀመጡም።

«ምን ብለህ ነው የላክኸው?» አለች ራሄል።

«ጋዝ አልኩ።»

«ጋዝ በአማርኛ ምንድነው?»

ሰማያዊውን ጀሪካን አየሁት።

«ጋዝ ምንድነው ነው የምልህ! ኩራዝ ውስጥ፣ ምድጃ ውስጥ የሚደረገው ምንድነው?»

አያችሁ? አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር አንዲት ቃል ሳላውቀው ከድታኝ እንግሊዝኛ ሆናለች። አፌ በአማርኛ ጋዝ ሲል ልቤ የሚያስበው የአሜሪካኑን ጋዝ፣ ቤንዚኑን ነው። ኮምቦልቻ ሲሠሩ የኖሩት ሰው የሚያውቁት ጋዝ ግን ያው ነጩ ጋዝ ነው። ያዘዝኳቸውን አንድም ሳይሳሳቱ፣ ሁለት ማደያ በእግራቸው ዞረው፣ የኩራዙን መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረድተው አመጡልኝ። እኔ ሳቅኩባቸው። ገመቹም ሳቁ ጠፍቶ ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል። ሮን ምኑም ሳይገባው «ዌል፣ ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» አለ። ሊብስ አይችልም ነበር።

ገባሁ። ክፍላቸው ተከፍቷል፤ ሻንጣቸው አልጋው ላይ ነው። ሸሚዝ እያጠፉ ያስቀምጣሉ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ያመጡት ትክክል ነው። ቤንዚኑን ጋዝ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«እንዲህ ያለ ሞተር በቤንዚን እንጂ በጋዝ እንደማይነሳ ይጠፋኛል? ሠላሳ አራት ዓመት የበላሁበት ሥራ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ሸሚዙን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀው ነገር ሁሉ ስህተት ሆነ። የመብራቱ ማብሪያ እንኳ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። በር ሲንኳኳ ልከፍት ስነሳ፣ አይክፈቱ፣ እዚህ ዝም ብሎ አይከፈትም ትሉኛላችሁ። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ትደነግጣላችሁ። እና ሞተሩም በጋዝ ይነሳ ይሆናል አልኩ። ደግሞም ቤንዚን ነው ብዬ ብከራከርህ፣ ይሄ አሜሪካ ነው እንዳትለኝ ፈራሁ።»

ፈራሁ አሉ። ፋብሪካ ሙሉ ሰው እጃቸውን ይጠብቅ የነበረው ሰው፣ እኔን! አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሰው ጥሎ በመሄድ የታወቅኩትን እኔን! እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አከበርናቸው ስንል ያደረግነው ለካ እጃቸውን መቀማት ነው። ሻንጣው አጠገብ ቆሜ፣

«አባባ፣ ሞተሩን ገደልነው ማለት ነው?» አልኩ።

«ምን በወጣው!» አሉ ቶሎ። «ጋዝ ሞተር አይገድልም፣ ያስለዋል እንጂ። ታንኩን ማፍሰስ ነው። ካርቡራተሩ ይታጠባል፣ ካንዴላው ተፈትቶ ይጸዳል፣ አለቀ።»

«እኔ አልችልበትም። ገመቹም የሚያውቀው ናፍጣ ብቻ ነው።» ይሄ ውሸት ነው፤ ገመቹ ቢሰማ እስከ ዛሬ አያናግረኝም ነበር። ግን አንዴ ከጀመርኩ አልቀረም። «አባባ፣ እባክዎ ይነሱ።»

አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ። እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ በቀን ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ኮቱን ሻንጣው ላይ ጣል አድርገው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ከፊቴ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ግቢው የእኔ መሆኑ ቀረ። «ጨርቅ! አሥር ቁልፍ! አይ አሥር ነው ያልኩህ፣ ይሄ አሥራ ሁለት ነው፣ መካኒክ አይደለህም እንዴ?» ገመቹ፣ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው መካኒክ፣ «እሺ አባባ» እያለ እንደ ተማሪ ይሮጣል። ሮን የብሎን ሳህን እንዲይዝ ተመደበ። «ሆልድ! ኖ ሼክ!» ይሉታል፤ «የስ ሰር» ይላል፣ ቀጥ ብሎ። እኔም ባዶውን ቀይ ጀሪካን ተቀበልኩ።

«ምን ላምጣ አባባ?»

«ቤን-ዚን» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን ከፋፍለው። ገመቹ ዞሮ ሳቀ፤ አባባም ሳቁ። ተመስገን አልኩ፣ ጀሪካኔን ታቅፌ።

ስመለስ ካርቡራተሩ ታጥቦ ገብቷል። ሞሉት። ገመዱን አንዴ ጎተቱ፣ አንዴ ብቻ፣ እና ጀነሬተሩ ተነሳ። የአርቪው መብራት በሙሉ ቦግ አለ፣ የውስጡ ማቀዝቀዣ መንፋት ጀመረ። «መብራት መጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ ገመቹም አብሮኝ ጮኸ። ይሄ ነገር ከደም አይወጣም። ሮን ብቻውን አጨበጨበ።

አባባ ግን ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ቆመዋል። እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት።

«ሰማችሁት? ትንሽ ያነክሳል።»

«ምንም አላነ...» ሲል ገመቹ እግሩን ረገጥኩት።

«ያነክሳል አባባ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

«በዚህ ሁኔታ መንገድ አይወጣም። እንደገና ይፈታል» አሉና ተንበርክከው ጀመሩ። ገመቹ ቁልፍ ሊያቀብል ጎንበስ አለ። ሮንም ሳህኑን ይዞ ተመለሰ።

ራሄል ስልክ ይዛ ደጃፉ ላይ ወጣች። ፊቷ ተለዋውጧል። «አባዬ፣ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ናት። ለሐሙስ ቦታ ተገኝቶልሃል። ሌላ ሰው ሳይወስደው አሁኑኑ እሺ ወይም እምቢ እንድትላት ትፈልጋለች።»

አባባ ቀና አላሉም። በቀኝ እጃቸው ካንዴላውን ወደ ብርሃን አንስተው በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፤ ግራ እጃቸው እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«ሥራ ላይ ነው በያት» አሉ።

ራሄል ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«ይቅርታ እህቴ፣ አባቴ አሁን ሥራ ላይ ነው» አለቻት።